የማንኪራ የጠዋት ማር

ስልካችሁ ድንገት ዝም ሲል ሌባ የምትሉት ማንን ነው? እውነቱን እንነጋገር። ኦፕሬተሩን ትረግማላችሁ፤ መብራቱን ትረግማላችሁ። ሌባ የሚለውን ስም ግን ለዘበኛው ታስቀምጡለታላችሁ። ካፖርቱ ያረጀ፣ አማርኛው የሚያነክስ፣ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ከተገኘ ለእናንተ ምርመራው አልቋል።

ቦንጋም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የማንኪራ የስልክ ታወር ሥራ አቆመ። ለጥገና የሄዱት ሠራተኞች የመሣሪያ ቤቱን በር ገርበብ ብሎ አገኙት። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ተከፍቷል። ከውስጥ የጎደለው አንድ ሳጥን ብቻ ነበር። ሳጥኑ «ጠባቂ» ይባላል፤ መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩን ያስነሳል፣ ጭስ ሲሸተው ወይም በር ሲከፈት ቦንጋ ወዳለው ማእከል ማንቂያ ይልካል። ቁልፉ በዘበኛው በጣሰው ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ጣሰው ራሱ ግን በሰዓቱ ቦታው ላይ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ታሰረ። ገበያው ሳይበተን ከተማው «ሸጦት ነው» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል። ለማን እንደ ሸጠው በዓይኑ ያየ ሰው እንኳ ተገኝቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይጠፋም።

«ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ቦታው ላይ አልነበረም። የት ነበርክ ሲሉት ጫካ ይላል። ምን ቀረሽ?» አለ ኮማንደር ለገሰ።

«ምክንያቱ ቀረኝ» አለች ኢንስፔክተር በዛወርቅ።

«ሸጦታላ!»

«ለማን? ያንን ሳጥን ከሠሩት ሰዎች በቀር የሚጠቀምበት የለም። ባትሪዎቹ እዚያው ናቸው። ነዳጁ አልተነካም። በሬውን ትቶ ገመዱን የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

«ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ በዛወርቅ። ታወሩን የሚጠግነው ኩባንያ፣ ባርታ፣ የሚሸጥበት ቀን ነው። ያለቀ መዝገብ እፈልጋለሁ።»

«አልቋል ካሉ እርስዎ ይፈርሙበት።»

ኮማንደሩ ብዕሩን አየው፤ አልነካውም። በዛወርቅ ስትቆጣ ድምፅዋ እንደማይጨምር፣ ይልቁንም እንደሚቀንስ ጣቢያው ሁሉ ያውቃል። አሁን በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው።

*

ባርታ ቴሌኮም ሶፍትዌርና ኢንጂነሪንግ ስሙን የወሰደው ከፏፏቴው ነው። ዛሬ ታወር በሚጠግኑ ቡድኖቹና በ«ጠባቂ» ሶፍትዌሩ ከዞኑ ውጭም ይታወቃል። ቢሮው ግን አሁንም ቦንጋ ነው፤ ማእከሉ ውስጥ ታወሮቹ በትልቅ ስክሪን ላይ እንደ ኮከብ በርተው ይታያሉ። ማንኪራ ጨልማለች።

ስክሪኑን የምትከታተለው ሃሌሉያ ገና በሩ ላይ ጀመረች። «ማንቂያው አልጮኸም ኢንስፔክተር። እኔ ተኝቼ አይደለም። ማር ላይ ነበራ!»

«ምን ላይ?»

«እኔ ላስረዳት» አለች ዘሪቱ። ከሦስቱ መስራቾች አንዷ ናት፤ ሶፍትዌሩን የጻፈችው እሷ ነች። «ማንኪራ ላይ ታወሩን ስንተክል ዙሪያው ሁሉ ቀፎ ነበር። በማር ወቅት ጭስ በተነሣ ቁጥር ማንቂያው ይጮኻል። የጥገና ቡድኑ በዚያ ጭቃ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሲደርስ እሳት የለም፤ ገበሬዎቹ ማር ያበሉትና ይመለሳል። ልጆቹ ሁሉ ቦርጭ አወጡ። ስለዚህ ‹ማር› የሚል ትእዛዝ ጻፍኩ። ጭስ ሊነሣ ሲል ጋሽ ጣሰው ይደውላል፤ እኛ በስልካችን ወይም ከዚህ ‹ማር› እንላለን፤ ታወሩ ዝም ይላል።»

«የበሩም ማንቂያ ዝም ይላል?»

«የበሩም። ያኔ ጀማሪ ነበርኩ፤ አንዱን ለይቼ ዝም ማሰኘቱን አላወቅሁበትም። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «በኋላ የሚባል ቀን አይመጣም።»

«ማክሰኞ ጋሽ ጣሰው ደውሎ ነበር?»

«አልደወለም» አለች ሃሌሉያ። «ዝም ብሎ ስክሪኑ ላይ ‹ማር› የሚለው መጣ። ያዘዘው ‹መስራች› ይላል።»

«የቱ መስራች?»

የመለሰችው ዘሪቱ ነች። «ሦስታችንም መግቢያችን አንድ ነው። ስንጀምር ኮምፒውተሩ አንድ ነበር፣ የይለፍ ቃሉም አንድ። ስናድግ የመጣው ባለሙያ ሁሉ ቀይሩት አለን። እኛ ግን ልክ ተፋቱ የተባልን መሰለን።»

«ይሄ ዝርክርክነት ነው!»

«ፍቅርም ነው ኢንስፔክተር። ሁለቱም ነው።»

በዛወርቅ ወደ ሃሌሉያ ዞረች። «ትእዛዙ መቼ ገባ?»

«ረፋድ ላይ። የገዢዎቹ ኢንጂነር እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የማንኪራን መብራት አጥፍተን ‹ጠባቂ› ጀነሬተሩን ሲያስነሳ ልናሳየው ነበር። ‹ማር› የሚለው መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማንኪራ ራሷ ጠፋች። አፈርን!»

«ረፋድ ላይ» አለች በዛወርቅ ቀስ ብላ።

የተወለደችው ዋጫ አጠገብ ነው፤ አባቷ ቀፎ ሰቃይ ነበር። የጫካ ማር በቀን አይቆረጥም። ንብ ፀሐይ ላይ ቁጡ ነው፤ ማር የሚቆረጠው ሲመሽ፣ ንቡ ሲሰበሰብ ነው። በቀን ቀፎ የሚከፍት ወይ እብድ ነው ወይ ንብን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ። ስለዚህ ማክሰኞ «ማር» ያለው ሰው ሶፍትዌሩን ያውቃል፤ ማሩን ግን አያውቅም። ጣሰው ደግሞ ከማር በቀር የሚያውቀው ነገር ካለ ታወር ነው።

«አንቺ የት ተወለድሽ?» ብላ ዘሪቱን ጠየቀቻት።

«ቢታ። አባቴ ከዛፍ ላይ ወርዶ አያውቅም፤ ቀፎ ነው ሥራው። ምነው?»

«ባርታ ሲሸጥ ደስ ብሎሻል?»

ዘሪቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መራራ ነበር። «ገዢዎቹ ይህን ስክሪን ነቅለው አዲስ አበባ ይወስዱታል። ሃሌሉያ ወደ ቤቷ፣ እኔ ደግሞ ውሉ ላይ ስም ብቻ ሆኜ እቀራለሁ። ሦስታችን ድምፅ ስንሰጥ እኔ ብቻ እንቢ አልኩ። ሥራ አስኪያጃችን ወልደአማኑኤል፣ እኛ ወልዴ የምንለው፣ አዲስ አበባ ሄዶ እሺ ብሎ መጣ፣ በሬዲዮም ተናገረ። ከሚል የወልዴን ፊት አይቶ እጁን አወጣ። አሁን ዘሪቱ ሙከራውን አበላሸችው ልትዪ ነው አይደል?»

«ብዬ ነበር» አለች በዛወርቅ። «ማሩ አዳነሽ።»

*

ከሚል ታወር ላይ ካልሆነ የሚገኘው በእናቱ ሱቅ ነው። እትዬ አስማ ገበያው አፋፍ ላይ ከጨው እስከ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሸጣሉ፤ ቤተሰቡ ከወልቂጤ በኩል የመጣው ከሚል ሳይወለድ ነው። ባርታ የተጀመረው ከሱቁ ጀርባ ባለች ጓዳ ውስጥ ነው።

«ጓጉንቸሮቻችሁን የምታመጡት ከየት ነው?» አለች በዛወርቅ።

«ከእማ ነዋ።»

«ሲጀምሩ እኔ አንድ ካርቶን ሰጠኋቸው!» እትዬ አስማ ከባንኮኒው ጀርባ ጮኹ። «ሁሉንም የሚከፍተው አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው። ርካሽ ነበራ! እናንተስ ምን ነበራችሁ? ሦስት ቀጫጫ።»

«አሁንም ከዚያው ዓይነት ነው የምንገዛው» አለ ከሚል እያፈረ። «ልማድ ሆነ። ቢሮ በሩ ላይ ተሰቅሎ ያለው ቁልፍ የትኛውንም ታወር ይከፍታል።»

በዛወርቅ ግንባሯን ያዘች። ስለዚህ የኮማንደሩ ትልቁ ማስረጃ፣ ያ በጣሰው ወገብ ላይ የተገኘው ቁልፍ፣ ባርታ ቢሮ ገብቶ የሚወጣ ሁሉ አምሳያውን ሊያነሣ የሚችለው ነገር ነው። አንድ የይለፍ ቃል፣ አንድ ቁልፍ! እነዚህ ሰዎች ኩባንያ አቋቋሙ ወይስ ቤት ሠሩ?

«ስለ ጣሰው ንገረኝ» አለችው።

የከሚል ፊት በራ። «እኔ ያኔ ዲሽ ሠሪ ነበርኩ። ወልደአማኑኤል ኢንጂነር ሆኖ መጣ፣ ዘሪቱ ኮምፒውተሯን ተሸክማ መጣች። ሞባይል እየጠገንን ነው የታወር ሥራ ያገኘነው። ዝናቡ ሲጀምር ግን ከሩቅ የመጡት፣ ታወር ላይ የሚወጡት ሠራተኞች ትተውን ሄዱ። ወልዴ ‹ቀፎ ሰቃዮቹን ለምን አንጠይቅም? በሐረግ ዛፍ የሚወጣ ሰው ብረት ያቅተዋል?› አለ። መጀመሪያ እሺ ያለው ጋሽ ጣሰው ነው። ከዚያ ሕጋቸውም አብሮ መጣ። ቀፎ የሰቀልክበት ዛፍ ያንተ ነው፤ ሌላ ሰው አይወጣበትም። ታወርም እንደዚያው ሆነ። መጀመሪያ የወጣህበት ያንተ ነው። ማንኪራ የጋሽ ጣሰው ናት። ጉልበቱ ሲደክም ‹ሌላ ቦታ ዘብ ሁን› ብንለው እንቢ አለ። ዛሬ እንኳ እሱን ሳልጠይቅ አልወጣባትም።»

«ታዲያ ሰረቀ ብለህ ታምናለህ?»

«ሰው የራሱን ዛፍ ይቆርጣል?»

«ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«ቢታ ገነት፣ ታወር ጫፍ ላይ። ገበያተኛው ሁሉ አንጋጦ ሲያየኝ ነበር። አንዷ ልጅማ ‹ውረድና አግባኝ› አለችኝ።»

«ወርደህ ነበር?» አሉ እትዬ አስማ በተስፋ።

በዛወርቅ ሳትፈልግ ሳቀች። ቢታ ገነት ደውላ አጣራች፤ ከሚልን ያላየው የለም። ልጅቷም አልካደችም።

*

የገዢው ኩባንያ ኢንጂነር ልዑልቃል በሎጁ በረንዳ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተቀምጧል። ሰማዩ ደመና ነው። መነጽሩን እንዲያወልቅ ስትጠይቀው አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል።

«ምን ሆነው ነው?»

«አለርጂ ነው።»

«አለርጂው ክንፍ ነበረው?»

በዛወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህ ሰው ማንኪራ ሄዷል። ስለ ማር ምንም አያውቅም። «ጠባቂ» እንዴት እንደሚሠራ ግን ተብራርቶለታል። ሙከራው ቢከሽፍ ደግሞ ዋጋ ያስቀንሳል። የሚፈለገው ሁሉ አንድ ወንበር ላይ ተሰብስቦ ተቀምጧል።

«ማንኪራ መቼ ሄዱ?»

«ሰኞ። ቀፎ ውስጥ እጄን አስገብቼ ፎቶ ልነሳ ብዬ ነው።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እባክዎ ለመሥሪያ ቤቴ አይንገሩ።»

«በቀን?»

«ታዲያ ፎቶ በጨለማ ይነሣል?»

«ማክሰኞ ረፋድስ?»

«ማእከሉ ውስጥ፣ ከዚያች ሃሌሉያ ከምትባል ልጅ ጎን። በረዶ በፕላስቲክ ይዛ ዓይኔን ስትጠርግልኝ ነበር። ስልኬም ቻርጅ ላይ ነበር፤ ይጠይቋት።»

ሃሌሉያ በስልክ አረጋገጠች። «ምስኪን! እናቱን ሲጠራ ነበር» አለች።

በዛወርቅ ልትነሣ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። «ታወሩ ሲጠፋ ውሉን ለምን አልሰረዛችሁም?»

«ልንሰርዝ ነበር! የምንገዛው ‹ጠባቂ›ን ነው፤ ‹ጠባቂ› በዓይኔ ፊት ወደቀ። አለቆቼ ተመለስ ብለውኝ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ተያዘ ተባለ። ስርቆት ከሆነ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለም። ያ ሰውዬ ባይታሰር ቅዳሜ የሚባል ነገር አልነበረም።»

መንገድ ላይ ይህን ደጋግማ አሰበችው። ሳጥኑን የወሰደው ሰው ሽያጩን ሊያፈርስ ነበር። የጣሰው መታሰር ግን ሽያጩን አዳነው። ስለዚህ ያ ሰው ጣሰው እንዲታሰር አላሰበም። አሁን ሽያጩን ለማፍረስ አንድ መንገድ ብቻ ቀርቶታል፤ «እኔ ነኝ» ማለት። እሱን ደግሞ አልፈለገም። የትም ይሁን፣ ማንም ይሁን፣ አንድ ሰው ጣሰው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሏል።

*

ዓርብ ዕለት ኮማንደር ለገሰ የጓጉንቸሩን ነገር ሲሰማ ለሰለሰ። «በዋስ ይውጣ» አለ። በዛወርቅ ወደ ጣሰው ሄዳ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነገረችው።

«አልወጣም» አለ።

«ጋሽ ጣሰው፣ ቤትዎ ሄደው ይረፉ እንጂ!»

«በዋስ ብወጣ በዋስ የወጣ ሌባ እባላለሁ። ማስረጃ አጥተው ለቀቁኝ ብባል ብልጥ ሌባ እባላለሁ። ስሜ የተወሰደው በገበያ ነው። በጓሮ በር ይዤው አልወጣም።» ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀ። «ማንኪራን ማን እየጠበቃት ነው?»

«ከሚል። ፈቃድዎን ይጠይቃል።»

«ይጠብቅ። ግን አይውጣባት፤ ከላይ ያለው ብሎን ላልቷል።»

በዛወርቅ ፊቷን አዞረች። ይህን ሰው ሌባ ያላችሁ ሁሉ ያን ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ቆማችሁ ቢሆን ኖሮ!

«ሰው መጥቶ ጠይቆዎታል?»

«ወልዴ በየቀኑ ይመጣል። ቆጮ በቅቤ አምጥቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ አልቅሶ ይሄዳል። ጠበቃ አቆምልሃለሁ አለኝ። ‹ጠበቃው ይቅር፤ አንተ ወጥተህ ጣሰው አልሰረቀም በል፣ አንተን ያምኑሃል› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ዝም አለ። ልቡ ስስ ነው፤ ድሮም እንዲሁ ነው።»

በዛወርቅ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ለዋጫው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደወለች። ሥራ አስኪያጁ ወልደአማኑኤል ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዋጫ ስብሰባ ላይ እንደ ነበር ተናግሮ ነበር፤ ያንን ማንም ለማጣራት አላሰበም፤ ራሱ ሊሸጥ ያሰበውን ኩባንያ ማን ያበላሻል ይባላል? የጽሕፈት ቤቱ ሰው መዝገብ አላስፈለገውም። «እሱ? ከምሳ በኋላ ነው የመጣው። ጫማው ጭቃ ብቻ ነበር፤ ሻይ የምታፈላልን አብርሆት ስታቀርብለት ስቀንበታል።»

ይህ ግን ጭቃ ነው። በዚህ ዞን ጭቃ የሌለበት ጫማ የለም።

*

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በአበባና በሰንደቅ ያሸበረቀ ነው። ሠራተኞች ወንበር ይደረድራሉ፤ ቀድሞ የመጣ የከተማው ሰው ከወዲሁ ፊት ወንበር ይዟል። ወልደአማኑኤል መድረኩ ላይ ቆሞ ማይክሮፎኑን እየሞከረ ንግግሩን ይለማመዳል። ረጅም ሰው ነው፤ የአስተማሪ ልጅ፣ ቦንጋ ተወልዶ ያደገ። ዘንድሮ በየመድረኩ ስለ ካፋ ማርና ስለ ካፋ ጫካ የሚናገረው እሱ ነው፤ ሲናገር ሰው እንባ ያወጣል።

«የባርታ ታሪክ የጫካችን ታሪክ ነው» አለ። «አባቶቻችን የጠዋቷ ፀሐይ በቅጠሉ መሀል ስታበራ ጭሳቸውን ይዘው ማር ከሚቆርጡበት…»

«ወልዴ!» ዘሪቱ ከኋላ ወንበር ይዛ ጮኸች። «በጠዋት ማር የቆረጠ አባትህን ንቡ ጨርሶታል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሃሌሉያ ወንበር ላይ ተደፋች። ወልደአማኑኤልም አብሮ ሳቀ። «እሺ፣ እሺ፣ ንብ እፈራለሁ፤ የታወቀ ነው!»

በሩ ላይ የቆመችው በዛወርቅ ብቻ አልሳቀችም።

«ኢንጂነር» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አንድ ደቂቃ።»

ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍል በሩን ገፋ አደረገችው።

«ማክሰኞ ‹ማር› ያለው ሰው ማር በጠዋት የሚቆረጥ የሚመስለው ነው። ከሦስታችሁ ዘሪቱ ታውቃለች፤ ከሚልን በዚያ ሰዓት ቢታ ገነት ታወር ላይ ገበያው ሁሉ አይቶታል። ዋጫ የደረሱት ከምሳ በኋላ ነው። ስልክዎ ማክሰኞ ረፋድ የት እንደ ነበረ ኦፕሬተሩ እንዲያሳውቅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠይቄያለሁ፤ ሰኞ ይደርሰኛል። ሰኞን ልጠብቅ ወይስ ይነግሩኛል?»

ወልደአማኑኤል ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ አልፈጀበትም።

«አዲስ አበባ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው አጨበጨቡልኝ» አለ። «እሺ አልኩ። ስመለስ መንገድ ላይ ጸጸተኝ። ግን በሬዲዮ ተናግሬያለሁ፤ ሰው እንኳን ደስ አለህ ብሎኛል። አሁን እንቢ ብል ቃሉን የበላ ልባል ነው። ሙከራው ከከሸፈ እነሱ ራሳቸው ይተዉናል ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ጣሰው ጠዋት ጠዋት ቀፎውን ለማየት ጫካ እንደሚገባ አውቃለሁ።»

«ሳጥኑስ?»

«ቤቴ ነው፤ በጋቢ ተጠቅልሎ አልጋዬ ላይ። ጎጀብ ወንዝ ልጥለው ወስጄው ነበር። ድልድዩ ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ሳጥን ነው ኢንስፔክተር፤ ሦስታችን በእጃችን ነው የበየድነው፣ የዘሪቱን ጣት ያቃጠለው የብየዳ ጠባሳ አሁንም አለበት። እጄ እንቢ አለኝ።»

በዛወርቅ እስካሁን የያዘችው ቁጣ ሁሉ ወጣ፤ በሹክሹክታ።

«ሳጥኑን መጣል አልቻሉም። ሰውየውን ግን ቻሉ። በየቀኑ ቆጮ ይዘው ሄደው አለቀሱለት! የእርስዎ እንባ ለእሱ ምን ያደርግለታል? ይሉኝታ ብለው ስም ይሰጡታል እንጂ ይህ ፍርሃት ነው። ሰው ምን ይለኛል እያሉ፣ ሰው ጣሰውን ሌባ ሲለው እያዳመጡ ዝም አሉ።»

«ማስረጃ ስለሌለ በማግስቱ ይለቁታል ብዬ ነበር። ከዚያ ገዢዎቹ ስርቆት ከሆነ እንቀጥላለን አሉ። ከዚያ… በየቀኑ ነገ እላለሁ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ፊርማውን አሁኑኑ እተወዋለሁ። በሚገባኝ ክሰሽኝ። ብቻ ሽማግሌ ልላክበት። ጋሽ ጣሰው ቤት ሄጄ፣ እግሩ ላይ ወድቄ፣ በዝምታ እንጨርሰው።»

«የእኔን መዝገብ ሽማግሌ አይዘጋውም። የእሱን ደግሞ እሱ ያውቃል። ኮማንደሩን አስፈቅጄ፣ በዋስ ሳይሆን ለምርመራ ብዬ አምጥቼዋለሁ፤ ከሚል ይዞት መኪና ውስጥ ነው።»

ጣሰውን ራሷ አስገባችው። የያዘው ካፖርቱን ብቻ ነበር። ወልደአማኑኤል ተነሥቶ በካፊኖኖ ማውራት ጀመረ፤ አንደበቱ ቢተሳሰርም ሁሉንም ተናገረ። ጣሰው ሰማው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የወልደአማኑኤልን የተጣመመ ክራቫት አቃናለት፣ ልጅን እንደሚያለብስ አባት።

«ና» አለው፤ ቀድሞትም ወደ አዳራሹ ወጣ።

ጫጫታው ተቋረጠ። ፊት ወንበር የያዙት ሰዎች ካፖርቱን አይተው እርስ በእርስ ተያዩ። «ፈቱት እንዴ?» አለ አንዱ፣ ሹክ ያለ መስሎት። ልዑልቃል መነጽሩን አወለቀ። ዘሪቱ የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች። ከሚል በሩን ዘጋና ጀርባውን አስደገፈበት።

ሁለቱ በካፊኖኖ ቢነጋገሩ ይቀላቸው ነበር። ጣሰው ግን አማርኛ መረጠ፤ አዳራሹ ውስጥ የማይሰማው ሰው እንዳይኖር።

«ወልዴን እወዳለሁ» አለ። «ይህን መጀመሪያ ስሙ። ልጄን ተሾመችን ያስተማረልኝ እሱ ነው። ዛፍ ብቻ የማውቀውን ሰውዬ የታወር ባለቤት ያደረገኝ እሱ ነው። ጥላቻ የለኝም።»

ወደ ወልደአማኑኤል ዞረ። ወልደአማኑኤል ከመድረኩ ሥር፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ወደ ላይም አልወጣ፣ ወደ ኋላም አልተመለሰ።

«‹አልሸጥም› የምትል አንዲት ቃል ከበደችህ። እኔ ቀለልኩህ። እሺ። ሽማግሌ ልላክ አልከኝ፤ አልፈልግም። እግሬ ላይ መውደቅህን አልፈልግም፤ እግሬ አልተሰደበም። ሌባ ያሉኝ እነዚህ የተቀመጡት ናቸው። ቤቴ መጥተህ ብታለቅስ እነሱ አይሰሙህም።»

ፊት ወንበር ላይ የነበሩት አንገታቸውን ደፉ። ጣሰው በጣቱ ማይክሮፎኑን አሳየው።

«ውጣ። ሰው ሁሉ ያምንሃል፤ አንተ ስትናገር ያጨበጭባሉ። ዛሬ ሳያጨበጭቡ ተናገር። ማንኪራን ዝም ያሰኛት ማን ነው? እኔ ታስሬ ስቀመጥ ዝም ያለውስ ማን ነው? ለኔ አይደለም ወልዴ። ለነሱ መልስ!»